የመኪና ማቀዝቀዣ በታወከ ጊዜ አስቀድሞ መመርመር እንደሚገባ

ሰው የሚገለገልበትን ዕቃ ጠባዩን ሳያውቅ የያዘው እንደ ሆነ፤ ዕቃው ደኅና በሆነ ጊዜ አገልጋዩ፤ በታወከ ጊዜ ግን ጌታው ይሆንበታል። አባቶቻችን በቅሎዪቱ ስታነክስ እግሯን አንሥተው ሰኮናዋን ይመለከቱ ነበር፤ ጠጠር ገብቶባት እንደ ሆነ ያወጡላታል፤ ቍስል ቢሆን ያጥቡላታል፤ ከዐቅማቸው በላይ ሲሆን ብቻ ወደ ዐዋቂ ይወስዷታል። ዛሬ ግን መኪና ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ፤ መኪናው ጥቂት እንደ ታወከበት፤ ኮፈኑን እንኳ ከፍቶ ሳያይ ወደ ጋራዥ ይቸኩላል፤ የተጠየቀውንም ገንዘብ ቈጥሮ ይሰጣል፤ ሕመሙ ምን እንደ ነበረና መድኀኒቱ ምን እንደ ሆነ ግን ሳይጠይቅ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት በከንቱ የሚጠፋው ገንዘብ ብዙ ነው። በተለምዶ ኤሲ የሚባለው የመኪና ማቀዝቀዣ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ጥፋት እጅግ የተጋለጠ ስለ ሆነ፤ ስለ እርሱ ያየነውንና የተማርነውን ለአንባቢዎቻችን ማካፈል ይገባናል።

ማቀዝቀዣ የቅንጦት ዕቃ ነው የሚል ሰው ምናልባት ይኖራል። በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው እንዲህ ቢል አያስደንቅም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፤ በሆለታ፤ በአዲስ ዓለም፤ በጊንጪ፤ በአምቦና በጉደር አልፎ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው፤ አገራችን ደጋም ቈላም መሆኗን በአንድ ቀን ውስጥ በገላው ይማረዋል። በጌዶ ከፍታ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የነበረ መንገደኛ፤ ኢጃጂን አልፎ ወደ ባኮ ሲወርድ ጋቢውን ይጥላል፤ ጥቂት ቈይቶም መስኮቱን ይከፍታል፤ ከመስኮቱ የሚገባው ግን ሙቀትና አቧራ ነው። ባኮ ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፤ ከባሕር ወለል በላይ በ1,650 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሸዋ ከተማ ናት። የአየሯ ሙቀትና የዝናቧ ብዛት ለበቈሎ የተስማማ በመሆኑ፤ የበቈሎ ምርምር የሚካሄድበት የታወቀ ማእከል የሚገኘው በእርሷ ዘንድ ነው፤ ገበሬው ሁሉ የሚያውቀው ቢኤች 660 የተባለው ዘርም ስሙን ያገኘው ከዚህችው ከተማ ነው፤ ቢኤች ማለት ባኮ ሃይብሪድ ማለት ነውና። ለበቈሎ የሚስማማው ይህ ሙቀት ግን፤ በየካቲትና በመጋቢት ወር በመኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሕመምተኛ፤ ለሽማግሌና ለሕፃን አይስማማም።

ይህንንም በዐይናችን ያየነው በአንድ የየካቲት ወር ወደ ባኮ በሄድን ጊዜ ነው። ያረፍንበት ቤት ባለቤት መንገደኛ በማመላለስ የሚተዳደር ነጂ ነው። እናቱ የልብ ሕመም ስላለባቸው በየወሩ በራሱ መኪና ወደ አምቦ ወደ ሐኪም ይወስዳቸዋል። እኛ ከመድረሳችን ጥቂት ቀን አስቀድሞ፤ ከሐኪም ሲመለሱ መንገድ ተዘግቶ መኪናው በቀትር ፀሐይ አንድ ሰዓት ያህል ቆመ። ሲሄዱ ጥቂት ይቀዘቅዝ የነበረው ማቀዝቀዣ መኪናው እንደ ቆመ ሙቅ አየር ይነፋ ጀመር፤ አሮጊቲቱም ላብ አጠመቃቸው፤ ትንፋሻቸው ዐጠረ፤ ራሳቸውንም ሳቱ። በመንገደኞች እርዳታ ከዛፍ ጥላ ሥር ተኝተው፤ ውሃ ተረጭቶላቸው ነፍሳቸው ተመለሰች። ልጃቸውን ይልቁንም ያሳዘነው፤ ይህ ከመሆኑ በፊት ለዚሁ ማቀዝቀዣ ሦስት ጊዜ ወደ ጋራዥ ሄዶ ሦስት ጊዜ መክፈሉ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ የተነገረው ቃል አንድ ነው፤ «ጋዙ አልቋል» የሚል። ሦስቱንም ጊዜ ጋዝ ተጨመረለት፤ የሦስተኛው ጊዜ ክፍያ የተገኘው ለዘርና ለቀለብ ከተቀመጠው በቈሎ ተሽጦ ነው።

በጎረቤት አንድ ሽማግሌ አሉ፤ በወጣትነታቸው በመንገድ ሥራ መኪናዎች ላይ በመካኒክነት ብዙ ዓመት ያገለገሉ ናቸው። የሆነውን ሰምተው እናቲቱን ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ፤ ነጂውን ወደ እርሳቸው ጠርተው፤ «ልጄ፤ ጋዙ ወዴት ሄደ አሉህ?» ብለው ጠየቁት። እርሱም «አባባ፤ አለቀ ብቻ ነው ያሉኝ» ሲል መለሰላቸው። ሽማግሌውም፤ «ቤንዚን ስለሚቃጠል ያልቃል። ይህ ጋዝ ግን በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር ነው፤ አይቃጠልም፤ አይበላም። ጐድሎ እንደ ሆነ የወጣበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ የሚጨምር ሰው፤ በተሰነጠቀ እንስራ ውሃ የሚቀዳ ነው። ያልጐደለ እንደ ሆነ ደግሞ በሞላ እንስራ ላይ የሚጨምር ነው» አሉት። ይህ አነጋገር የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ስለ ሆነ፤ ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት የማቀዝቀዣውን አሠራር በዐጭሩ እናስረዳለን።

ውሃ የሞላበት የሸክላ እንስራ በጥላ ሥር ቢቀመጥ ውሃው ይቀዘቅዛል። ምክንያቱም በእንስራው ገላ ላይ ወዝቶ የወጣው ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ሙቀትን ከእንስራው ወስዶ ስለሚሄድ ነው። ሐኪም መርፌ ከመውጋቱ በፊት ክንዳችንን በአልኮል ሲጠርገው የሚሰማን ቅዝቃዜም ከዚሁ የመጣ ነው። እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ በሆነ ጊዜ ደግሞ የወሰደውን ሙቀት ይለቃል። ከዚህም ጋር ጫና በበዛ ጊዜ ፈሳሽ ነገር በከፍተኛ ሙቀት፤ ጫና ባነሰ ጊዜ በዝቅተኛ ሙቀት እንደሚፈላ ማወቅ ይገባል። በአዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፤ ባቄላ ከቈላው አገር ይልቅ ሳይበስል ብዙ ጊዜ መቈየቱ ስለዚህ ነው።

የመኪና ማቀዝቀዣ በእነዚህ ሁለት ሕጎች ይሠራል። በብዙዎቹ መኪናዎች ውስጥ የሚገኘው አር 134 ኤ የተባለው ጋዝ በባሕር ወለል ጫና ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ የሚፈላ ነው። በሞተሩ ቺንጊያ የሚዞረው ኮምፕሬሰር ይህን ጋዝ ጨምቆ፤ አግሎ፤ ከራዲያተሩ ፊት ወዳለው ኮንደንሰር ይልከዋል። በዚያም ነፋስ እየነፈሰበት ሙቀቱን ወደ ውጭ ለቅቆ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹም በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ጫናው ድንገት ሲቀንስ፤ ከክሩስኮቱ በስተኋላ ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ይፈላል፤ ሲፈላም ሙቀትን ከመኪናው አየር ይወስዳል። ቬንትሌተሩ የሚነፋልን አየር የሚቀዘቅዘው በዚህ ነው። እንግዲህ ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜን የሚፈጥር አይደለም፤ ሙቀትን ከውስጥ ተሸክሞ ወደ ውጭ የሚጥል ሐማል ነው። ሐማሉ ሸክሙን የሚጥልበት ቦታ ከተዘጋበት፤ ብርታቱ ቢበዛም ሥራው ከንቱ ነው።

ይህ ጥበብ በመኪና ላይ ከዋለ እነሆ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። አሜሪካዊው ዊሊስ ካሪየር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1902 ለአንድ ማተሚያ ቤት የአየር ማቀዝቀዣ ካሰናዳ በኋላ፤ ፓካርድ የተባለው የአውቶሞቢል ፋብሪካ ለ1940 በሠራቸው መኪናዎች ላይ ይህንኑ አኖረ። በዚያን ጊዜ ማቀዝቀዣውን ለማጥፋት ሞተሩን አቁሞ ቺንጊያውን በእጅ መፍታት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ በአንድ ቍልፍ ይበራል፤ ይጠፋል። ነገር ግን ቍልፉን መጫን የቀለለውን ያህል የውስጡን ጠባይ ማወቅ ከብዙዎቻችን ራቀ።

ሽማግሌው በማግሥቱ ጧት፤ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ፤ በነጂው ግቢ ውስጥ ያደረጉት ምርመራ የሚከተለው ነው። ቅደም ተከተሉ ለማንም መኪና ስለሚሆን እንዳለ ጽፈነዋል።

1ኛ፤ የሚነፋውን አየር ብርታት መረመሩ። አየሩ ደካማ የሆነ እንደ ሆነ፤ ጥፋቱ ከጋዙ ሳይሆን ከቬንትሌተሩ፤ ከፊውዙ ወይም ከአየር ማጣሪያው ነው። ይህ ማጣሪያ በብዙ መኪናዎች ከተሳፋሪው ጕልበት ፊት ካለው ሳጥን በስተኋላ ይገኛል፤ ያለ ብዙ መሣሪያም ይወጣል። የዚህ መኪና ማጣሪያ በአቧራ ጠቍሮ ስለ ተገኘ ወዲያው ለወጡት፤ አየሩ ግን ከዚያም በፊት በደኅና ይነፋ ስለ ነበር ዋናው ሕመም ሌላ መሆኑን ዐወቁ።

2ኛ፤ ሞተሩን በሜዳ ላይ አስነሥተው ማቀዝቀዣውን አበሩና የኮምፕሬሰሩን ፊት ተመለከቱ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰምቶ የፊቱ ክብ ብረት ከቺንጊያው ጋር መዞር ጀመረ፤ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ይደርሰዋል ማለት ነው። ጥቂት ቈይቶ ግን መዞሩን ተወ። ባይዞር ኖሮ አስቀድሞ ፊውዙን፤ ቀጥሎም ሽቦውን መመልከት ይገባ ነበር፤ ጋዙ ፈጽሞ የጐደለ እንደ ሆነም ኮምፕሬሰሩ እንዳይበላሽ የጫና መቈጣጠሪያው እንዳይነሣ ይከለክለዋል። በአንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ይህ ክብ ብረት ዘወትር ስለሚዞር በዐይን አይለይም። ሞተር ሲሠራ የሚዞር ነገር ሁሉ ልብስንና ጣትን የሚይዝ ስለ ሆነ፤ ነጠላ ለብሶ ወይም እጅጌ ሳይሰበስቡ መቅረብ አደገኛ ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥም ሞተር አስነሥቶ መመርመር አይገባም፤ ጢሱ ሽታው ሳይታወቅ ይገድላልና።

3ኛ፤ ቧንቧዎቹን በጥንቃቄ ዳሰሱ። ደኅና ማቀዝቀዣ ሲሠራ ቀጭኑ ቧንቧ ይሞቃል፤ ወፍራሙ ቧንቧ ይቀዘቅዛል፤ ላብም ያወጣል። ወፍራሙ ቧንቧ ቀዝቅዞ ሳለ ወደ ውስጥ የሚነፋው አየር ሙቅ ከሆነ፤ ጥፋቱ የሞቀውንና የቀዘቀዘውን አየር በሚለየው መዝጊያ ላይ ነው እንጂ በጋዙ አይደለም። በዚህ መኪና ወፍራሙ ቧንቧ መጀመሪያ ቀዘቀዘ፤ ኮምፕሬሰሩ ሲቆም ግን ሞቀ። ወደ ኮንደንሰሩ የሚሄደው ቧንቧ ደግሞ እጅ የማያስጠጋ ሆነ።

4ኛ፤ ጋዝ የሚፈስስበትን ፈለጉ። ከጋዙ ጋር የኮምፕሬሰሩ ዘይት አብሮ ስለሚዞር፤ ጋዝ በሚያመልጥበት ቦታ ሁሉ ዘይት ወጥቶ አቧራ ይይዛል። ስለዚህ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ወዛም እድፍ አለ ወይስ የለም ብሎ ማየት ዋና ምልክት ነው። በውሃ የተበጠበጠ ሳሙና ቢቀባበትም ብርቱ ፍሳሽ አረፋ ያወጣል። ሽማግሌው መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በባትሪ ብርሃን አዩ፤ ሳሙናውንም ቀቡ፤ ወዝም አረፋም አላገኙም። ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ አይቶ ነጂው በደነገጠ ጊዜ፤ «ይህ የአየሩ ርጥበት ነው፤ እንደ እንስራ ላብ ቍጠረው፤ ደኅንነቱን የሚያሳይ ነው» ብለው አጽናኑት። ውሃው በውጭ መንጠባጠቡን ትቶ በተሳፋሪው እግር ሥር ቢፈስስ ግን፤ መውረጃው ቱቦ ተደፍኗልና መጥረግ ያስፈልጋል።

5ኛ፤ በመጨረሻ ወደ ኮንደንሰሩ መጡ፤ ሕመሙም በዚያ ተገኘ። ይህ መኪና ከሰው ጋር የበቈሎ ጭነት በሚወቃበት አውድማ አጠገብ ሲመላለስ ከርሞ፤ የበቈሎው ገለባ፤ የመንገዱ አቧራና የነፍሳቱ ክንፍ የኮንደንሰሩን ቀጫጭን ክንፎች እንደ ጭቃ ግድግዳ ደፍኗቸዋል። ከዚህም በላይ፤ በራዲያተሩ አጠገብ ካሉት ሁለት ማራገቢያዎች አንደኛው፤ ማቀዝቀዣው በበራ ጊዜ አብሮ ሊዞር የሚገባው፤ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም። ፊውዙን አውጥተው አዩት፤ ደኅና ነው። የሽቦውን መጋጠሚያ በፈቱ ጊዜ ግን ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ተገኘ።

አንባቢ ሆይ፤ አሁን ነገሩ ሁሉ ግልጥ ሆነ። መኪናው ሲሄድ የመንገዱ ነፋስ በኮንደንሰሩ ስለሚያልፍ ጥቂት ይቀዘቅዝ ነበር፤ ሲቆም ግን ማራገቢያው ስለማይዞር ነፋስ የለም፤ ጋዙ ሙቀቱን የሚጥልበት ያጣል፤ ጫናው ከልክ ያልፋል፤ መቈጣጠሪያውም ኮምፕሬሰሩን ያቆማል። ይህ ምልክት፤ ማለት ሲሄዱ መቀዝቀዝ ሲቆሙ መሞቅ፤ ማንም ነጂ ልብ ቢለው ኖሮ ወደ ኮንደንሰሩና ወደ ማራገቢያው በቀጥታ የሚመራ ነበር። ሦስት ጊዜ የተጨመረው ጋዝ ሕመሙን አልፈወሰም፤ ይልቁንም ጫናውን አብዝቶ አባባሰው።

ጥገናውም በዚያው ግቢ ተጀመረ። የባትሪውን ገመድ ፈትተው የዛገውን መጋጠሚያ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አጠሩ፤ አጥብቀውም መልሰው ገጠሙት፤ ማራገቢያውም ዞረ። ኮንደንሰሩን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በለስላሳ ብሩሽና በዝግታ በሚፈስስ ውሃ አጠቡት። በላቫጆ ያለው ብርቱ ውሃ ግን ቀጫጭኖቹን ክንፎች ስለሚያጣምም ለዚህ ሥራ እንደማይሆን አስጠነቀቁ። ለዚህ ሁሉ የወጣው ወጪ የማጣሪያው ዋጋ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ሽማግሌው ሥራቸውን የት ማቆም እንዳለባቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። መኪናው ቆሞ ሳለ ማቀዝቀዝ ቢጀምርም፤ በቀትር ኮምፕሬሰሩ አሁንም አልፎ አልፎ ይቆም ነበር። በኮፈኑ ሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብበው፤ መኪናው የሚይዘው ጋዝ 500 ግራም መሆኑን ለነጂው አሳዩትና፤ «ከልክ በላይ ተሞልቶብሃል። ይህን ግን እኔ በቤት አልከፍተውም፤ ጋዙን በሚዛን ወደሚያወጣና በሚዛን ወደሚመልስ ማሽን ውሰደው» አሉት። ነጂውም እንዲሁ ባደረገ ጊዜ፤ 500 ግራም ሊይዝ ከሚገባው መኪና 740 ግራም ወጣ።

ሽማግሌው ያልነኩትን ነገር ሌላውም እንዳይነካው የምንመክረው በብርቱ ምክንያት ነው። ይህ ጋዝ በጫና ውስጥ ስላለ፤ መጋጠሚያ የሚፈታ ሰው ዐይኑንና ቆዳውን በአንድ አፍታ በውርጭ ያቃጥላል። በእሳት አጠገብ ቢለቀቅ ደግሞ ወደ መርዝነት ይለወጣል። አዲሱ አር 1234 ዋይኤፍ የተባለው ጋዝ በመጠኑ የሚቀጣጠል ስለ ሆነ ከቀድሞው ጋር ሊቀላቀል አይገባም። የማብሰያ ጋዝ በርካሽ ዋጋ እንሙላልህ የሚል ሰው ቢገኝም፤ በተሳፋሪዎች ፊት ቦምብ እንደ ማኖር ይቈጠር። ቧንቧው አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላም የገባው አየርና ርጥበት በፓምፕ ካልተመጠጠ፤ ርጥበቱ ከዘይቱና ከጋዙ ጋር ሆኖ ብረቱን ይበላል። በጫና መለኪያ ብቻ ተመርቶ መሙላትም ያሳስታል፤ መኪናው ቆሞ ሳለ በ25 ዲግሪ ሙቀት መለኪያው ወደ 80 ፒኤስአይ ቢያሳይ፤ በውስጡ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ፤ ጋዙ ጥቂትም ቢሆን ብዙ የሚያሳየው ያው ነው። እውነተኛው ዳኛ ሚዛኑ ነው።

ጋዙን ወደ ሰማይ መልቀቅም ለባለቤቱ ኪሳራ ብቻ አይደለም። አር 12 የተባለው የቀድሞው ጋዝ ምድርን ከፀሐይ ጐጂ ጨረር የሚጋርደውን ኦዞን የሚያሳሳ መሆኑ ስለ ታወቀ፤ መንግሥታት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1987 በሞንትሪያል ተስማምተው እንዲቀር አድርገዋል፤ ኢትዮጵያም በ1994 ወደዚሁ ስምምነት ገብታለች። በእርሱ ፈንታ የመጣው አር 134 ኤ ኦዞንን አይጐዳም፤ ነገር ግን ምድርን በማሞቅ ረገድ በክብደት የተካከለ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከ1,300 ጊዜ የማያንስ ይበልጠዋል። ስለዚህ በ2016 በኪጋሊ በተደረገው ስምምነት ይህንና መሰሎቹን ቀስ በቀስ መቀነስ ተወስኗል። ከአንድ ትንሽ መኪና የሚለቀቅ ግማሽ ኪሎ ጋዝ ከ650 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይተካከላል። ዝናብ ጠብቆ በቈሎ ለሚዘራ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በደጋው አገር ለሚኖሩ ባለ መኪናዎችም አንድ ምክር እንጨምራለን። ማቀዝቀዣ ለወራት ሳይነካ የተቀመጠ እንደ ሆነ፤ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ስለማይዞር በዘንጉ ላይ ያለው ጓርኒሲዮን ይደርቃል፤ ጋዙም ቀስ እያለ ያመልጣል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው ብርድ ቢሆንም በየሳምንቱ ወይም በየ15 ቀኑ 10 ደቂቃ ያህል ሊያበራው ይገባል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የበዙትን የኤሌክትሪክ መኪናዎች በተመለከተም፤ ማጣሪያ መለወጥና ኮንደንሰር ማጠብ ለባለቤቱ የተፈቀደ ነው፤ ኮምፕሬሰራቸው ግን በብርቱ ኤሌክትሪክ ስለሚሠራና ዘይቱም የተለየ ስለ ሆነ፤ ብርቱካንማ ቀለም ያለውን ሽቦ ያልተማረ ሰው ከቶ እንዳይነካ።

የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ይህ ነጂ ሦስት ጊዜ አፍሶ ሦስት ጊዜ ለቀመ፤ የፈሰሰው ግን ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን የእናቱ ነፍስ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ጋራዥ አይሂዱ ማለታችን አይደለም፤ ከዐቅም በላይ ለሆነው ነገር ዐዋቂ መኖሩ ታላቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው የት እንደሚያመውና መቼ እንደሚብስበት መናገር እንደሚገባው ሁሉ፤ ባለ መኪናም አየሩ ይነፋል ወይስ አይነፋም፤ ማራገቢያው ይዞራል ወይስ አይዞርም፤ ሲሄዱ ነው ወይስ ሲቆሙ የሚሞቀው ብሎ መርምሮ ይሂድ። ባለ ጋራዡም «አልቋል» ሲለው «በየት ወጣ? ስንት ግራም ገባ?» ብሎ ይጠይቅ። ጠያቂ ባለ ገንዘብ ባለበት አገር ሐቀኛ ሠራተኛ ይከበራል፤ ሐሰተኛውም ያፍራል።

እኛ ከባኮ ከመነሣታችን አስቀድሞ ነጂው እናቱን ለወሩ ሕክምና ወደ አምቦ ወስዶ ተመለሰ። አሮጊቲቱ ከመኪናው ሲወርዱ መንገዱ እንዴት እንደ ነበረ ብንጠይቃቸው፤ «ልጆቼ፤ ዛሬስ በረደኝ፤ ነጠላዬን ደረብሁ» ብለው ሣቁ። ልጃቸውም ይህን ሲሰማ ወደ ጎረቤቱ ሽማግሌ ግቢ ሮጠ።